የማሽላ ባለሙያዋ የመኖሪያ ፈቃድ

ፈቃድ የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰው ሲወለድ ማንንም ሳያስፈቅድ ከተፍ ይላል፤ ሲሞትም ማንንም ሳያስፈቅድ እልም ይላል። በመካከሉ ባለችው እፍኝ በማትሞላ ዕድሜ ግን ከአንዱ ወንዝ ማዶ ወደ ሌላው ለመሻገር ማኅተም ያሻዋል። እኛ ቆቦዎች ይህን ጉዳይ ከማንም አብልጠን እናውቀዋለን። ዛሬ በሰፈራችን «ኢቃማ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ቢገኝ ገና ያልተወለደ መሆን አለበት። ልጁ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ዐረብ አገር የገባለት ወላጅ፣ መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚለምነው ያችኑ የመኖሪያ ወረቀት ነው። አንዲት ጎረቤቴ በየጠዋቱ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ «ጌታዬ፣ ለልጄ መጀመሪያ ኢቃማውን፣ ቀጥሎ ጤናውን» ስትል እሰማለሁ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ምነው፣ ጤናው አይቀድምም?» ብላት እንደ ሞኝ አየችኝና፣ «ያለ ኢቃማ ጤና ምን ይፈይድለታል? በጤናው ይዘው ይመልሱታል እንጂ!» አለችኝ።

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እውነት ነው። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ ሁሉ ተረት፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ፣ ይህ ሁሉ ስለት ከጎደለበት ወደ ሞላበት ለሚሄድ ሰው የተበጀ ነው። ከሞላበት ተነሥቶ ወደ ጎደለበት የመጣ፣ መጥቶም «እባካችሁ ከዚሁ ልቆይ» ብሎ ደጅ የጠና ሰው ብትፈልጉ የት ታገኛላችሁ? እኔ አግኝቻለሁ። ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ፣ ያየሁትን ከማመን ያላየሁትን ማመን በሚቀልበት ዕድሜ ላይ ደርሼ እንኳ፣ ነገሩ ትዝ ሲለኝ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ጊዜው ያ ክፉው ራብ ነው፤ ስልሳ አምስት አልቆ ስልሳ ስድስት የገባ ሰሞን። እኔ ያኔ የቆቦ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከአላማጣ ወዲያ ከትግራይ መጥቶ ጎብዬ ላይ የከተመ ጨው ነጋዴ ስለሆነ ትግርኛውም አማርኛውም አፌ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ መንግሥት ጨመረልኝ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ግን ክፍሉ ባዶ ሆነብኝ። ተማሪ የለም። የመጡትም ጥቂቶች ጥያቄ ስጠይቃቸው እጃቸውን ለማንሳት አቅም አልነበራቸውም። ትምህርት ቤቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብዬ ለመጠየቅ ወልዲያ ሄድኩ፤ «ይታያል» ተባልኩና ወደ አስመራ በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ከፊቴ አንዲት ፈረንጅ ተቀምጣለች። ቀይ፣ ረጅም፣ ፀጉሯ የበሰለ ገብስ የመሰለ፤ ዕድሜዋ ሠላሳውን የዘለለ አይመስልም። ጉልበቷ ላይ የአክሱም ሐውልት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ዘርግታለች። ጎብዬን አለፍ ብለን ቆቦ ልንገባ ስንል አውቶቡሱ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። አስፋልቱ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ስላችሁ ቆመው መጠበቅ ስላቃታቸው ነው። መኪና ለማስቆም ሌላ ኃይል ስላልነበራቸው ራሳቸውን መንገዱ ላይ አስቀመጡ። ተሳፋሪው እንደ ልማዱ የያዘውን ቆሎና ዳቦ በመስኮት ወረወረ፤ ሾፌሩም እንደ ልማዱ ጡሩምባውን ነፋ። መልመድ እንዲህ ክፉ ነው።

ፈረንጂቱ ወረደች። ከመንገዱ ዳር የአንዲትን ሕፃን ክንድ ይዛ ተመለከተች፤ የዓይኗን ቆብ ገለጠች፤ ምላሷን አየች። ከዚያ ተመልሳ ወጣች። «አሁን ትቀመጥና እያለቀሰች ትሄዳለች» ብዬ አሰብኩ፤ ብዙ ያለቀሱ መንገደኞች አይቻለሁና። እሷ ግን ሻንጣዋን ከላይ አወረደችና ይዛ ወረደች። ሾፌሩ ግራ ገባው።

«ሴትዮ! አስመራ እኮ ገና ነው! ማነህ አንተ፣ ፈረንጅ አፍ ታውቅ የለ? አስመራ ገና ነው በላት እንጂ!»

ነገርኳት። ወደ ሾፌሩም ሳታይ «ይሂድ በለው» አለችኝ። በሕይወቴ ከተረጎምኳቸው ቃላት ሁሉ አጭሩ ይኸው ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። እኔም ተከትያት ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትርጉሙን ልጨርስ ይሆናል።

ስሟ ብሪጊት ነበር። የመጣችውም ስሙን ስትጠራው ከሚያበርድ የሰሜን አውሮፓ አገር ነው። ያገራችን ሰው «ብሪጊት» ብሎ መጥራት አልሆንልህ ሲለው «ብርቅነሽ» አላት፤ ውሎ ሲያድር ብርቄ ሆነች። ሙያዋ ነርስ ነው። ላሊበላንና አክሱምን አይታ፣ ፎቶግራፏን አንስታ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ቆቦ ዳር አንድ ነጋዴ የሠራው የእህል መጋዘን ነበር፤ እህል ስላልነበረ ሰው ገብቶበታል። ከየቀበሌው፣ ከዋጃ በኩል፣ ከዞብል ተራራ ሥር የወረደው ሁሉ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። እርዳታ የሚያመጡ መኪኖች የዱቄት ወተትና ጥቂት ስንዴ ጥለው ያልፋሉ፤ አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ደግሞ ተስቦ የያዛቸውን ለመለየት ላይ ታች ይላል። ብርቄ ገባችበት። በዚያው ቀረች።

የመጀመሪያው ጠብ በወተት ተነሣ። ለተራበ ሕፃን በትልቅ ጣሳ ሞልቶ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ እሷ ግን በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምትለው። እናቶቹ «ይህች ፈረንጅ ንፉግ ናት» አሉ። ከእናቶቹ አንዷ ሉባባ ትባላለች፤ ባሏንና ሌሎች ልጆቿን በመንገድ ቀብራ አንዲት ሴት ልጇን፣ ዘሐራን፣ በጀርባዋ ይዛ የደረሰች። ሉባባ ጣሳውን ከብርቄ እጅ ልትነጥቅ ታገለቻት። ሁለቱም ወተቱን ለማትረፍ ሲሉ ተያይዘው መሬት ተቀመጡ። ኋላ ዘሐራ ማንኪያውን ጠብቃ አፏን ስትከፍት፣ ስትከፍት፣ ከቀናትም በኋላ አንድ ጠዋት በራሷ እጅ ማንኪያውን ስትይዝ፣ ሉባባ የብርቄን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወዲያ የወተቱ አዛዥ ሉባባ ሆነች፤ ሌሎቹን እናቶች የምትቆጣውም እሷ ናት።

ብርቄ አማርኛ የተማረችው ከእነዚሁ ሴቶች ነው። ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትል። ሼህ ይማምን እንኳ! ሼህ ይማም የአካባቢው አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ፊታቸው ቆሞ የማይዋሽ ትልቅ ሰው። በሬዎቻቸው አልቀው፣ ግመላቸው ሞታ፣ ዘመድ አዝማዳቸውን ሰብስበው መጋዘኑ ጥግ ተጠልለዋል። ብርቄ በጠዋት ትመጣና «ሼህ ይማም፣ እንዴት አደርሽ?» ትላቸዋለች። እኔ ላርማት ስል ሼሁ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «ተዋት። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፤ ባንቱታ እየጠየቁኝ መልሴን ሳይሰሙ የሚሄዱ ሞልተዋል።»

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ነው ይላል ያገራችን ሰው። መንግሥት ግን ወርቁን ከብሩ የሚለይበት የራሱ መንገድ አለው፤ ቪዛ ይለዋል። አንድ ቀን የከተማው ፖሊስ አዛዥ፣ የመቶ አለቃው፣ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው መጋዘኑ የገባው። የብርቄን ፓስፖርት ተቀብሎ ገለጠው።

«ጎብኚ ነው የሚለው» አለኝ። «ጊዜው አልቋል። ጎብኝታ ከሆነ ትሂድ።»

«ምን ትጎብኝ እዚህ?» አልኩት።

ዙሪያውን አየና ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «እሱን እኔ አልጠየቅም። ደሴ ሄዳ ታስጨምር፤ ካልሆነ አዲስ አበባ፤ ካልሆነም አገሯ። እዚህ ካገኘኋት ግን የማስራት እኔ ነኝ።»

ይህን ስተረጉምላት ብርቄ ፓስፖርቷን ተቀብላ ወደ ወተቱ ተመለሰች። ሉባባ ግን አልቻለችም። ማንኪያዋን እንደያዘች ብድግ ብላ፣ «ኧረ በአላህ! እኛ ስንሞት ፈቃድ የጠየቀን የለም፤ እሷ ልታኖረን ነው ፈቃድ የሚጠየቅ?» ብላ ጮኸች። የመቶ አለቃው ወጥቶ ሄደ። እኔ ይህን ቃል ከዚያ በኋላ በብዙ ቢሮ ኮሪደር ላይ ሆኜ በልቤ ደጋግሜዋለሁ፤ በአፌ ለመድገም ግን የሉባባ ወኔ ያስፈልጋል።

ደሴ ለመሄድ ስንነሣ ሼህ ይማም ጥምጣማቸውን ጠቅልለው፣ ከዘራቸውን ይዘው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው አገኘናቸው። «ሴት ልጅ ዳኛ ፊት ስትቀርብ ሽማግሌ ሳይቆምላት?» አሉ። አቅም እንደሌላቸው፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነ ብነግራቸው «መሞቱንማ ደሴም ይሞታል» አሉኝ። ተሳፈርን። በየመንገዱ ዳር የምናየውን አልነግራችሁም። ብርቄ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሼሁ ግን መርሳን አልፈን ሐይቅ እስክንደርስ ዱዓ እያደረጉ ዓይናቸውን ከድነው ነበር።

ደሴ ያለው «የሚመለከተው ክፍል» ብዙ በር፣ ብዙ ወንበር፣ ብዙ «ነገ ኑ» ያለበት ቤት ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ፓስፖርቱን አየና፣ ጎብኚ ሆኖ የመጣ ሰው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ እንደማይችል፣ ይህን ከፈለገች ከአገር ወጥታ፣ ባሕር ማዶ ካለው ኤምባሲ አመልክታ፣ መልሱን ጠብቃ መምጣት እንዳለባት አስረዳን። እንግዲህ አስቡት። በማንኪያ የሚጠቡ ሕፃናት ይህች ሴት አውሮፓ ደርሳ እስክትመለስ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ማለት ነው። ብርቄ ነገሩ ሲገባት ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። ያን ቀን አውቶቡስ ላይ አላለቀሰችም ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ ሕፃን ሲሞትባትም ፊቷን አዙራ ወደ ሌላው ትሄድ ነበር እንጂ አላለቀሰችም። እዚያ፣ ከማኅተሙ ፊት፣ አለቀሰች።

ሼህ ይማም የዙሁር ሰላት ደርሶባቸዋልና ኮሪደሩ መካከል ነጠላቸውን ዘርግተው መስገድ ጀመሩ። ያ ሁሉ ፋይል የተሸከመ ሠራተኛ እሳቸውን ላለመርገጥ እየተሽሎከሎከ ያልፋል። ግርግሩን የሰማ አንድ መነጽር ያደረገ ሹም ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለ። የሚሰግዱ ሽማግሌ፣ የምታለቅስ ፈረንጅና ግድግዳ የተደገፈ አስተማሪ አየ። እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ፤ ይህ ለራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ «ግቡ» አለን።

ከገባን በኋላ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ለብርቄ ልተረጉምላት እየሞከርኩ፣ ግማሹን በመደነቅ ሳልተረጉም ቀርቼ።

«የሥራ ፈቃድ አሠሪ ይፈልጋል» አለ ሹሙ። «ማነው የሚቀጥራት?»

«እኔ» አሉ ሼህ ይማም።

ሹሙ ቀና ብሎ አያቸው። ጥምጣማቸው ንጹሕ ነው፤ ከጥምጣሙ በታች ያለው ግን አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው።

«አንቱ? ምን ሊከፍሏት?»

«መሬት አለኝ። ዝናብ ሲጥል አርሳለሁ፤ ከማሽላዬ ሲሶውን ለእሷ።»

«ሥራዋስ ምንድን ነው ልበል?»

«ራብ የያዘውን ማኖር።»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ድምፁንም ቀነስ አደረገ። «ሼህ፣ ራብ የሚል ቃል በዚህ ቤት ወረቀት ላይ አይወጣም። የዝናብ መዛባት ነው የሚባል።»

«እንግዲያው የዝናብ መዛባት ገደለን ብለህ ጻፍ።»

ሹሙ የሳቀ መሰለኝ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ደንቡን ቀጠለ። «ለውጭ ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ያገር ሰው የማይችለው ሥራ ሲሆን ነው። ይህን ሥራ ያገር ሰው አይችለውም?»

እኔ በልቤ «በሉ አይችልም ይበሉና ይለቅልን» እላለሁ። ሼህ ይማም ግን ዳኛ ፊት የማይዋሹ ሰው ናቸው።

«ይችለዋል እንጂ! ሴቶቻችን አሁን ራሱ እየሠሩት ነው። ግን የሚችለው ሁሉ ከላያችን ሄደ። ነጋዴው ሄደ፣ ሹሙ ሄደ፣ ልጆቻችንም እግር ያላቸው ሄዱ። ይህች መጣችና ቆየች።»

«መቆየት የሙያ ዓይነት አይደለም፣ ሼህ።»

«ከኛ ዘንድ የጠፋው ሙያ ግን እሱ ነው፣ ልጄ።»

ውጭ የጽሕፈት መኪና ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ ደግሞ አውልቆ ጠረገ። እንጀራው ነው፤ ልጆችም ይኖሩት ይሆናል። አንድ የማይጻፍ ቃል የጻፈ ሰው ምን እንደሚሆን እሱ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ከዚያ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ «ማሽላ ጥሩ ይበቅላል ከናንተ?» ሲል ጠየቀ።

«ዝናብ ካለ፣ ፈረሰኛ ገብቶ የማይታይበት ማሽላ!»

ሹሙ ብዕሩን አነሣና ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ «የሙያ ዓይነት፤ የማሽላ እርሻ ባለሙያ። አሠሪ፤ ሼህ ይማም። ደመወዝ፤ በውሉ መሠረት ሲሶ።» አንድ ዓመት ሰጣት። ማኅተሙን ሲመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ለብርቄ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ እኮ ማሽላ ምን እንደሚመስል አላውቅም! ንገረው!» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔም ወደ ሹሙ ዞር ብዬ «በጣም ደስ ብሎኛል ትላለች» አልኩት። ሹሙ እንግሊዝኛ ያውቅ ኖሯል፤ ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ደስታዋ ገብቶኛል» አለ። ከደሴ እስከ ቆቦ ድረስ ላቤ አልደረቀም።

ስንመለስ ብርቄ ከአውቶቡስ ወርዳ ሮጠች። ሉባባ በሩ ላይ ተቀበለቻት። «አብሽሪ፣ ልጆቹ ሁሉ አሉ» አለቻት መጀመሪያ፤ ከዚያ መዋሸቱ አላስችል ብሏት «አንዱን ጨቅላ አላህ ወሰደው። የቀሩት አሉ» አለች። ብርቄ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሉባባ አጠገቧ ተቀመጠችና ማንኪያውን እጇ ላይ አኖረችላት። ሁለቱም ተነሥተው ወደ ሕፃናቱ ገቡ።

የመቶ አለቃው ፈቃዱን አይቶ አገላበጠው፤ ወደ ብርሃን አነሣው። ማኅተሙ ማኅተም ነው። እሱ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ስለሆነ ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ብርቄ ወተት እየበጠበጠች ነው።

«የማሽላ ባለሙያ ናት ይላል» አለ። «ማሽላው የታል?»

ሼህ ይማም ከተኙበት ሳይነሡ «አንተ ዝናቡን አምጣና፣ ማሽላውን እኔን ጠይቀኝ» አሉት። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ መልካም የቢሮ ቀልድ ይሆን ነበር፤ ፈረንጅ ግን ቀልድ አያውቅም። ብርቄን ያ ወረቀት እንቅልፍ ነሳት። «ውሸት ነው» ትላለች። ሰው ለማዳን የተባለ ነው ብንላት፣ አገር የሚያውቀው ውሸት እንደ እውነት ነው ብንላት፣ አይገባትም። በግንቦት ነው መሰለኝ አንድ ቀን «ፈቃዴ ማሽላ ስለሚል ማሽላ እዘራለሁ» ብላ ቁርጡን ተናገረች። ሳቅን። ሰማዩ ግን አልሳቀም፤ በሰኔ መጨረሻ ጠቆረ፣ በሐምሌ ጣለ። ቆቦ ላይ ያ ዝናብ ሲጥል የነበረውን ሁኔታ ላልነበረ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ሰው ከመጋዘኑ ወጥቶ፣ ቆሞ ተመታ። የሚሮጥ አልነበረም። የሚጠለል አልነበረም። ሉባባ ዘሐራን አቅፋ ወጥታ የልጅቱን ፊት ወደ ላይ አድርጋ ያዘቻት፤ ልጅቱ አፏን ከፈተች። ዝናብን አይታ አታውቅም ነበርና ማንኪያ መሰላት።

በሬ ስላልነበረ የሼህ ይማም ማሳ በዶማ ተቆፈረ። ከመጋዘኑ መቆም የጀመረው ሁሉ ወጣ። ብርቄ ጠዋት ወተቷን አዳርሳ ዶማ ይዛ ከሰዓት ትወርዳለች። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላ ትቆፍራለች። ሼህ ይማም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እንደሱ አይደለም! አፈሩን አትቆጪው፣ አባብይው!» እያሉ ያርሟታል፤ እሷም «እሺ ሼህ ይማም፣ አንቺ ተቀመጪ» ትላቸዋለች። ዘሯን ዘራች፤ አረመች። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ወፍ መጣ። የኛን አገር ወፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እንደ ደመና ወርዶ ማሳውን እንደ ምላጭ የሚላጭ ነው። ስለዚህ የማሽላ ባለሙያዋ ማማ ላይ ወጣች። ከአራት እንጨት ላይ በተረበረበ ማማ ቆማ፣ ባርኔጣዋን አጥልቃ፣ ወንጭፏን እያሽከረከረች «ሃው! ሃው!» ስትል በዋናው መንገድ የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ ፍጥነቱን ቀነሰ። የመቶ አለቃውም ሲያልፍ አያት። ቆሞ ጥቂት ተመለከተና ሰላምታ ሰጣት፤ ወታደራዊ ሰላምታ። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማሽላው ፈረሰኛ የሚሰውር አልነበረም፤ አህያ ግን ይሰውራል። ውድማው ላይ ተወቅቶ፣ ነፋስ ተሰጥቶት ሲያልቅ ሼህ ይማም ክምሩን ለሦስት ከፈሉ። አንዱን በከዘራቸው አመለከቱ። «ያንቺ ነው።» አልወስድም አለች። ሼሁ ተቆጡ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ውል ነው! ወረቀት ላይ አለ! ያኔ ለራብተኛ ተቀጠርሽ ብለው ሳቁብሽ። አሁን ደግሞ ደመወዙን አልከፈለም ብለው እንዲስቁብኝ ትፈልጊያለሽ?» ወሰደች። እንግዲህ የተራበ ሰው ፈረንጅ ቀጥሮ ደመወዙን ሳያጓድል የከፈለበት አገር ቢኖር ራያ ቆቦ ነው። ያን ሲሶ ሉባባ ዘር አድርጋ ወደየቀያቸው ለሚመለሱ እናቶች አካፈለችው።

በዚህ መካከል መንግሥት ተለወጠ። ዱሮ የማይጻፈው ቃል በአንድ ጊዜ በየግድግዳው ተጻፈ። መነጽር ያለውን ሹም ከወንበሩ አነሡት አሉ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ባገኘው እጁን እስመው ነበር። የብርቄ ዓመት ሲያልቅ አዲሶቹን ሰዎች ፈርተን ደሴ ሄድን። አዲሱ ወጣት ወረቀቷን አነበበና ፊቱ በራ። «የእርሻ ባለሙያ! አገሪቱ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ነው!» ብሎ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ብዙ ዓመት ጨመረላት። ያኔ ሦስት ሆነን አልቅሰንና ሰግደን ያገኘነውን ፈቃድ፣ አሁን ሻይ ጋብዘው ሰጡን። ወረቀት እንዲህ ነው። ስትሻው ይሸሽሃል፣ ስትተወው ያሳድድሃል።

ጥር መጨረሻ ላይ ነው። መጋዘኑ ባዶ ሆኗል፤ ሉባባም ልጇን ይዛ ወደ ዞብል ሥር ከተመለሰች ሰነበተች። አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት ስወጣ ብርቄ ሻንጣዋን ይዛ ዋናው መንገድ ላይ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አንድ የጭነት መኪና ማሽላ ጭኗል። ልብ በሉ፤ ከቆቦ ማሽላ ጭኖ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና! ሾፌሩ ከጎኑ ቦታ አዘጋጅቶላታል።

«ምነው?» አልኳት። «የተሰጠሽን ዓመት ገና አልነካሽው! ያን ያህል ደክመን…»

ትከሻዋን ሰበቀች። በዚያች በሴቶች አማርኛዋ፣ «ሥራ አለቀ። ሰው በላ፣ ሰው አረሰ። ምን ልሠራ ልቀመጥ?» አለችኝ። ከዚያ ጉንጬን ሳመችና ወጣች። ለካ ይህች ሴት መቆየት ፈልጋ አልነበረም የቆየችው። ተፈልጋ ነው። እኔ መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ሼህ ይማምን ያገኘኋቸው ማሳቸው ዳር ነው፤ አዲስ በገዙት በሬ ደረቁን መሬት ያስገለብጣሉ። ብርቄ መሄዷን ስነግራቸው እርፉን የያዘውን ሰው አስቆሙት። ወደ መንገዱ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አላለቀሱም፤ እሳቸው አያለቅሱም። የተናደዱ ነው የሚመስሉት። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተክለው፣ እኔ እንደፈቀድኩላት ሁሉ አፈጠጡብኝ።

«ለመቆየቷ ደሴ ድረስ ወርደን ያን ያህል ፈቃድ ስንለምን!» አሉ። «ለመሄዷስ ማን ፈቀደላት?»